ሪባን ላይ በሰብሊሜሽን ስም ማተም፦ ቀለሙ እየደበዘዘ አስቸገረኝ

ሪባን_ከሀዋሳ (ሰኞ፣ ማታ 3፡20)

ሰላም ለዚህ ቤት። የሻይ ማግና ቲሸርት ማተም ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ ሪባን ላይ ግን ገና ጀማሪ ነኝ። ባለፈው ሳምንት የሰርግ ሥራ ተቀበልኩ። ለእንግዳ የሚሰጥ 200 ትንንሽ የስጦታ ሳጥን አለ፣ የሚታሰርበት ሪባን ላይ የሙሽሮቹ ስምና ቀኑ እንዲታተም ፈልገዋል። አንዱ 60 ሳንቲ ሜትር ነው፣ በጠቅላላው 120 ሜትር። አፌን ሞልቼ «ምን ችግር አለው» አልኩ። ችግር አለው።

ሪባኑን ከመርካቶ ነው ያስመጣሁት፣ ሁለት ዓይነት ጥቅል፣ ሻጩ ሁለቱንም «ሳቲን ነው፣ አንደኛ» ብሎኛል። ስፋቱ 25 ሚሊ ሜትር። ፕሪንተሬ ኤፕሰን ኤል805 ነው፣ ቀለሙም ወረቀቱም የሰብሊሜሽን ነው፣ መጀመሪያ ወረቀት ላይ ታትሞ በሙቀት ወደ ጨርቁ የሚሻገረው። በሙቀት የምጫንበት ፕሬስ ሰሌዳው 38 በ38 ሳንቲ ሜትር ነው። ለቲሸርት እንደማደርገው 195 ዲግሪ፣ 60 ሰከንድ አደረግሁት። ስሙ ወጣ፣ ግን አሥር ጊዜ የታጠበ ነው የሚመስለው፣ ሮዙ አመድ ሆኗል። በእርጥብ ጣት ሳሸው ጭራሽ ለቀቀ። በዚያ ላይ አንዳንዱ ፊደል ጥላ አለው፣ ሁለቴ የተጻፈ ይመስላል። ይሻለው እንደሆነ ብዬ ሙቀቱን 210 ሳደርገው ሪባኑ ቢጫ ሆኖ አረፈው።

ሰርጉ ጥር 18 ነው። ማሽኑ ነው፣ ቀለሙ ነው፣ ወይስ እኔ ነኝ?


ማግ_አታሚው (ሰኞ፣ ማታ 3፡41)

ቀለሙ ነው እህቴ። አሁን ገበያ ላይ ያለው ቀለም ግማሹ ውሃ ነው። እኔ ከቀየርኩ በኋላ ነው ያረፍኩት። ቀይሪው።


የመርካቶ_ልጅ (ሰኞ፣ ማታ 4፡05)

ኧረ ቆይ ወንድሜ፣ ሴትዮዋን ገና ቀለም ልታስገዛት ነው። በዚሁ ቀለም ቲሸርቷ በደንብ እየወጣላት አይደል እንዴ? ከተለወጠው ነገር ነው መነሳት ያለብን፣ የተለወጠው ሪባኑ ነው።

እህቴ፣ እኔ ሪባንና ዳንቴል በሚሸጥበት መስመር ነው ያደግኩት። አንድ ነገር ልንገርሽ፣ «ሳቲን» የጨርቅ ዓይነት አይደለም። የአሸማመን ስም ነው። ክሩ ላይ ላዩን ረዘም ብሎ ስለሚያልፍ ያብረቀርቃል፣ በቃ። ከፖሊስተርም፣ ከናይለንም፣ ከሬዮንም ሳቲን ይሠራል። ሻጩ ዋሽቶሽም ላይሆን ይችላል፣ ምናልባት እሱም አያውቀውም። እኔ ራሴ ለስንት ሰው «ሐር ነው» እያልኩ ሸጫለሁ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

አሁን ተነሺና ከሁለቱም ጥቅል ጣት የምታህል ቁራጭ ቁረጪ። በመቆንጠጫ ያዣት፣ ከሥር ሰሃን አድርጊ፣ ክብሪት ጫሪ። ፖሊስተር ከእሳቱ ይሸሻል፣ ይጨማደዳል፣ ይቀልጣል፣ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ሲበርድ ጫፉ ላይ እንደ ጥቁር ዶቃ ጠንካራ ነገር ይቀራል። ጥጥና ሬዮን እንደ ወረቀት ነው የሚነደው። የወረቀት ሽታ አለው፣ በጣትሽ ስትነኪው በኖ የሚጠፋ አመድ ይሆናል። ዶቃ ካላገኘሽ ያ ሪባን ለሰብሊሜሽን አይሆንም፣ አትድከሚ።


ኬሚስትሪ_ነበርኩ (ሰኞ፣ ማታ 4፡30)

የመርካቶ ልጅ ልክ ነው። ምክንያቱን ልጨምር፣ ሲገባሽ ሌላውም ነገር ይቀልልሻል።

ቁም ሣጥን ውስጥ የምናስቀምጠውን ናፍታሊን አስቢ። ከወራት በኋላ ስትከፍቺ ትንሽ ሆኖ ታገኚዋለሽ፣ ግን የቀለጠ ነገር የለም፣ ልብሱም አልረጠበም። ጠጣሩ ፈሳሽ ሳይሆን በቀጥታ ወደ ጋዝ ሄዷል ማለት ነው። የሰብሊሜሽን ቀለምም እንደዚያ ነው። ወረቀቱ ላይ ደርቆ ይቀመጣል፣ ወደ 190 ዲግሪ ሲደርስ ጋዝ ይሆናል። ፖሊስተር ደግሞ በዚያ ሙቀት ውስጡ ላላ ይላል። ጋዙ ይገባል፣ ጨርቁ ሲቀዘቅዝ በሩ ይዘጋል፣ ቀለሙ ውስጥ ታስሮ ይቀራል። በጣትሽ ስትዳብሺው ምንም የማይሻክረው ለዚህ ነው። ጥጥና ሬዮን ግን እንዲህ ያለ በር የላቸውም። ቀለሙ ደጅ ቆሞ ይቀራል፣ በእርጥብ ጣት የለቀቀብሽም ይኼው ነው።

ናይለን መሃል ሰፋሪ ነው። ትንሽ ይቀበላል፣ በመጀመሪያው እጥበት ግን መልቀቅ ይጀምራል።

210 ላይ ቢጫ የሆነው ደግሞ እያረረ ስለሆነ ነው። ፖሊስተር ራሱ የሚቀልጠው 250 ዲግሪ አልፎ ነው፣ ነጭነቱ ግን ከዚያ በፊት ሊበላሽ ስለሚችል ሙቀት መጨመርን መፍትሔ አታድርጊው።

ነገሩ አዲስ እንዳይመስላችሁ። በጨርቅ ላይ የተጀመረው በ1957 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ ውስጥ ሩቤ በምትባል የሱፍ ፋብሪካዎች ከተማ ነው፣ ኖኤል ደ ፕላስ የሚባል ተመራማሪ ነው ስሙ የሚነሳው። እኛ ጋ በማግ በኩል ስለገባ ብዙ ሰው የማግ ነገር ይመስለዋል እንጂ መነሻው ጨርቅ ነው።


ማግ_አታሚው (ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡15)

እሺ ተሸነፍኩ 😄 ግን አንድ ጥያቄ። ለምንድነው ሁሉም ሰው ኤፕሰን ኤፕሰን የሚለው? እኔ ቤት ቁጭ ያለ የኤችፒ ፕሪንተር አለኝ፣ ቀለሙን ብለውጥስ?


ኬሚስትሪ_ነበርኩ (ማክሰኞ፣ ጠዋት 2፡00)

ተወው። ኤፕሰን ቀለሙን የሚገፋው ኤሌክትሪክ ሲነካት በምትታጠፍ ትንሽ ነገር ነው፣ ቀለሙን አያሞቀውም። ብዙዎቹ የቤት ኤችፒና ካኖን ግን ቀለሙን ራስጌው ላይ በቅጽበት አፍልተው ነው የሚተፉት። በሙቀት የሚሠራን ቀለም እዚያ ውስጥ መጨመር ምን እንደሚያመጣ አንተው ገምት። ኤፕሰንም ቢሆን ተራ ቀለም የሠራበትን ዝም ብለህ አትቀይር፣ መታጠብ አለበት፣ አዲስ ከሆነ ከመጀመሪያው የሰብሊሜሽን አድርገው።


ሪባን_ከሀዋሳ (ማክሰኞ፣ ጠዋት 4፡50)

አቃጠልኩት! ወጥ ቤቱ በጭስ ታፍኗል፣ እናቴ «ሥራሽ ይኼ ነው?» እያለችኝ ነው።

አንደኛው ጥቅል እንደ ጋዜጣ ነደደ፣ አመድ ሆነ። ሁለተኛው ግን ዶቃ ሠራ። እንግዲህ ሁለቱን ጥቅል እያቀያየርኩ ስሞክር ነበር ማለት ነው፣ አንዴ ደህና አንዴ መጥፎ የሚወጣብኝ ለካ ለዚያ ነው። ዶቃ የሠራውን ብቻ ወስጄ ሞከርኩት። ሮዙ ሮዝ ሆነ!! እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

ጥላው ግን አልለቀቀኝም። ደግሞ 60 ሳንቲ ሜትር ሪባን 38 ፕሬስ ላይ እንዴት ነው የማሳርፈው? ከፍዬ ስመታው መጋጠሚያው ላይ መስመር ይታያል።


የሲልቨር_ስፕሪንግ_እናት (ማክሰኞ፣ ማታ 2፡10)

ልጄ፣ እኔ እዚህ አሜሪካ ለምርቃትና ለመልስ ሪባን አትማለሁ፣ አምስት ዓመት ሆነኝ። የደረሰብኝን ልንገርሽ፣ አንቺ እንዳትደግሚው።

መጀመሪያ ስለ ጨርቁ አንድ ልጨምር። ክብሪት የማይለየው አሲቴት የሚባል ሪባን አለ፣ እሱም ይቀልጣል። የጥፍር ቀለም ማጥፊያ አሴቶን አንድ ጠብታ ጣል አድርጊበት። አሲቴት ከሆነ እንደ ሙጫ ይጣበቃል፣ ፖሊስተር ግን ምንም አይሆንም። ደግሞ በመቀስ ስቦ ጥቅልል የሚያደርጉት የስጦታ ሪባን አለ አይደል፣ ያ የፕላስቲክ ነው፣ 160 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል። እኔ አንድ ቀን በችኮላ ፕሬስ ውስጥ ከተትኩት። ስከፍተው ሪባን የለም። ሰሌዳው ላይ ቀይ ማስቲካ ሆኖ ተለጥፏል። ሁለት ቀን ስፍቅ ዋልኩ።

ጥላው የሚመጣው ወረቀቱ ሲንሸራተት ነው። ፕሬሱን ስትከፍቺ ወረቀቱ ብድግ ይልና መልሶ ያርፋል፣ ጋዙ ገና ትኩስ ነው፣ ሁለተኛ ያትማል። ሙቀት የሚችለውን ስኮች ተጠቀሚ፣ ቡናማውን። ሪባኑን ወጠር አድርገሽ ሁለቱንም ጫፍ ያዣው። ስኮቹ ያረፈበት ቦታ ምልክት ስለሚተው ከጽሑፉ ውጭ ይሁን። ስትከፍቺ ቀስ በይ፣ ወረቀቱን በአንድ ጊዜ ወደ ላይ አንሺ፣ አትጎትቺ።

ደግሞ ሪባን ሲሞቅ ትንሽ ይሰበሰባል። ሳታትሚ በፊት ባዶውን ለአሥር ሰከንድ ምቺው። እርጥበቱም ይወጣል፣ መሰብሰብ ያለበትም አስቀድሞ ይሰበሰባል። ይህን ከዘለልሽ ወረቀቱ ላይ ሆኖ ሲሰበሰብ ጥላ ይሠራል።

ከርዕሱ ውጭ ቢሆንም አንድ ነገር። እዚህ የምንገዛው ፕሬስ 110 ቮልት ነው። ለእህቴ አንዱን በሻንጣ ላክሁላት፣ አዲስ አበባ 220 ላይ ሰካችው፣ ጢስ ብቻ ቀረ። የምትልኩ ሰዎች ጀርባውን አንብቡ።


ላንያርድ_ሠሪ (ረቡዕ፣ ማታ 1፡30)

እኔ የመታወቂያ ማንጠልጠያ ነው የምሠራው። አዲስ አበባ ስብሰባ አይጠፋም፣ የካቲት ሲደርስ የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ አለ፣ ከጉባኤው ጎን ደግሞ ስንት ነገር። ማንጠልጠያ ማለት 20 ሚሊ ሜትር፣ 90 ሳንቲ ሜትር የሆነ የፖሊስተር ሪባን ነው፣ ስለዚህ ያንቺ ችግር የእኔ እንጀራ ነው።

መጋጠሚያው ላይ መስመር የሚወጣው የሰሌዳው ጠርዝ ግማሽ ሙቀት ስለሚሰጥ ነው። አንዴ ግማሽ የተመታ ቦታ ሲደገም ይጠቁራል። ትላልቆቹ ቤቶች ወረቀቱና ጨርቁ አብረው በጋለ ከበሮ ላይ የሚዞሩበት ማሽን አላቸው፣ መጋጠሚያ የሚባል ነገር አያውቁም። እኔና አንቺ ግን ዲዛይኑን ነው ማስተካከል ያለብን። የሰሌዳው ጠርዝ የሚያርፍበት ቦታ ባዶ ነጭ ይሁን። ባዶ ላይ መስመር አይታይም። ሙሉ ቀለም ያለው ጀርባ የሚፈልግ ደንበኛ ከመጣ በዚህ ፕሬስ እሺ አትበይ።

ግን ከዚያ በፊት ልጠይቅሽ፣ ሪባኑ ሲታሰር ስሙ የት ነው የሚውለው? ይህን ብዙ ሰው አያስብም። መሃሉ ላይ ካተምሽው ቋጠሮው ውስጥ ይገባል ወይም ከሳጥኑ ሥር ይቀራል። አንድ ባዶ ሪባን ውሰጂ፣ እውነተኛው ሳጥን ላይ እሰሪው፣ የሚታየውን ቦታ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጊ፣ ፍቺው። በአበባ ቋጠሮ ከሆነ የምታስሪው ቁልጭ ብለው የሚታዩት ሁለቱ ጭራዎች ናቸው።

እንዲህ ከሆነ ደግሞ የርዝመቱ ጣጣ በራሱ ያልቃል። ሁለቱን ጭራ ብቻ ነው የምታትሚው። ጭራዎቹን ጎን ለጎን ወረቀቱ ላይ አስተኝተሽ መሃሉን ከፕሬሱ ውጭ አንጠልጥይው። ጽሑፉን ከሪባኑ ስፋት በየጎኑ ሁለት ሚሊ ሜትር ትርፍ ባለው ቦታ አስቀምጪ፣ 29 ሚሊ ሜትር ያዢለት። ኤ4 ወረቀት በ210 ስፋቱ ሰባት መስመር ይይዛል፣ አንቺ ስድስቱን ተጠቀሚ፣ ሦስት ሪባን ማለት ነው። 200 ሪባን በ67 ምት ያልቃል። አንዱን ምት ከማሰሪያው ጋር አራት ደቂቃ ብትይው አራት ሰዓት ተኩል ነው። ይኼ ያስለቅሳል እንዴ?

አደራረጉ እንዲህ ነው። የታተመው ወረቀት ፊቱ ወደ ላይ ሆኖ ጠረጴዛ ላይ። ሪባኑ አብረቅራቂ ፊቱ ወደ ታች ሆኖ ከላይ። ስኮች። ከዚያ ሁሉን አንድ ላይ ገልብጪው፣ ሙቀቱ በወረቀቱ ጀርባ በኩል እንዲገባ። ከሥር ንጹሕ ነጭ ወረቀት፣ ከላይም ሌላ። የሥሩን በየምቱ ቀይሪ! ቀለሙ በሪባኑ አልፎ የፕሬሱን የሥር ስፖንጅ ይበክለዋል፣ የሚቀጥለው ሪባን ጀርባ ላይ የቀደመው ስም ተገልብጦ ታገኚዋለሽ። ለሳቲን 190 ዲግሪ፣ 40 ሰከንድ፣ ቀለል ያለ ግፊት ይበቃዋል። ጎድን ጎድን ያለውን ሪባን በኃይል ከተጫንሽው ጎድኑ ይጠፋል።


ዘመናዊ_ቀሚስ (ረቡዕ፣ ማታ 2፡45)

ከርዕስ ልውጣ ይቅርታ። የጥለት ዲዛይን ሰፊ ሪባን ላይ አትሜ ቀሚስ ላይ ብሰፋው ማን ያውቅብኛል? የእጅ ጥለት ዋጋው ሰማይ ነክቷል።


የሸማኔ_ልጅ (ረቡዕ፣ ማታ 3፡05)

እኔ አውቅብሻለሁ።

አባቴ ሽሮ ሜዳ ጉድጓድ ላይ ቁጭ ብሎ እግሩን ከታች እያንቀሳቀሰ ነው ያሳደገን። ጥለት ሥዕል አይደለም፣ ድርና ማግ ነው። ማግ ስል ደግሞ ማግ አታሚው የሚያትመውን ማግ አይደለም። በክር እየተቆጠረ የሚገባ ነገር ነው። ጀርባውን ገልብጠሽ ስታዪው ክሩ ይታያል። ያንቺን ሲገለብጡት ነጭ ፖሊስተር ነው።


ዘመናዊ_ቀሚስ (ረቡዕ፣ ማታ 3፡12)

ወንድሜ አትቆጣ፣ መሸጫ ሳይሆን ለልጆች የትምህርት ቤት በዓል ነው። አንድ ቀን ለብሰውት የሚወልቅ።


የመርካቶ_ልጅ (ረቡዕ፣ ማታ 3፡30)

ለልጆች በዓል ከሆነ ማን ይከለክልሻል። የታተመ ነው ብለሽ አትሚ፣ የእጅ ሥራ ነው ብለሽ ብቻ አትሽጪ። ግን ሸማ ላይ ልትሰፊው ከሆነ ሌላ ጣጣ አለው። ሸማው ጥጥ ነው፣ ሲታጠብ ይሰበሰባል። ሪባኑ አይሰበሰብም። ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ ጠርዙ እንደ አሮጌ መጋረጃ ይጨማደድልሻል። የእጅ ጥለት ከሸማው ጋር አብሮ ስለተሠራ ነው አብሮ የሚኖረው።


የሲልቨር_ስፕሪንግ_እናት (ረቡዕ፣ ማታ 5፡00)

ታትሞ ካለቀ በኋላ ከካውያም ጠብቁት። እኔ የምርቃት መታጠቂያ ሪባን ነጭ ቀሚስ ላይ እንዳለ በጥጥ ሙቀት ተኮስኩት። የልጅቷ ስም ደረቷ ላይ ታተመ። ጋዝ ነው አላችሁ አይደል፣ ሲሞቅ ተመልሶ ይወጣል። ለካስ ካውያዬም ፕሬስ ኖሯል።


ፊደል_ይከበር (ሐሙስ፣ ጠዋት 3፡00)

ማንም ስለ ፊደል አላነሳም፣ እኔ ላንሳ።

አንደኛ፣ ቀጭን ፊደል አትጠቀሚ። ቀለሙ ጋዝ ሲሆን ትንሽ ይሰፋል። በላቲን ፊደል ብዙ አይጎዳም፣ የእኛ ግን በትንሽ ቅጥያ ነው የሚለያየው። በ እና ቢ፣ ለ እና ሊ፣ እግራቸው ላይ ያለችው ጭረት ከጠፋች ስሙ ሌላ ስም ይሆናል። 25 ሚሊ ሜትር ላይ ቁመቱን ቢያንስ 8 ሚሊ ሜትር አድርጊ፣ ወፈር ያለውን ምረጪ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚባለው ፎንት ወፍራም አለው፣ በነፃ ይገኛል። ኒያላ ቆንጆ ነው፣ ለሪባን ግን ይቀጥንብኛል።

ሁለተኛ፣ ደንበኛ በድሮው ፓወር ግዕዝ የጻፈውን ፋይል ይልክልሻል። ያ ፎንት ኮምፒውተርሽ ላይ ከሌለ ፊደሉ ወደ ዝባዝንኬ ይለወጣል። ወይ እንደገና ጻፊው፣ ወይ እዚያው እነሱ ኮምፒውተር ላይ ወደ ቅርጽ ቀይረው ይላኩልሽ።

ሦስተኛ፣ ሚረር! ወረቀቱ ላይ ተገልብጦ መታተም አለበት። ለማግ ለምደሽዋል አውቃለሁ፣ ግን በ67 ምት መሃል አንዱን መርሳት ቀላል ነው። እንደ ዐ እና ሠ ያሉት ተገልብጠውም ያው ስለሚመስሉ ዓይን ያታልላሉ። እኔ «ሠላም» የሚል ጽሑፍ 30 ሪባን ላይ ገልብጬ አትሜ ያየችብኝ የጎረቤት ልጅ ናት፣ አንደኛ ክፍል።


ሪባን_ከሀዋሳ (ዓርብ፣ ማታ 4፡15)

ዛሬ 90 ጨረስኩ። ላንያርድ ሠሪ፣ ፈጣሪ እጅህን ይባርከው፣ ሳጥኑ ላይ አስሬ ባላየው ኖሮ ስሙን ቋጠሮ ውስጥ ነበር የምቀብረው።

ሁለት አዲስ ነገር ገጠመኝ። አንዱ፣ ነጩ ላይ ሰማያዊ ነቁጥ እየወጣ ነው፣ የጽሑፍ ቀለም ውስጥ ሰማያዊ የሚባል የለም! ሁለተኛው፣ ከሰዓት በኋላ መብራት ዝቅ ሲል ፕሬሱ 190 ይላል፣ ሥራው ግን የደከመ ነው የሚወጣው። ግንባር ላይ ትኩሳት የምንለካበትን ሽጉጥ አምጥቼ ሰሌዳው ላይ ባነጣጥረው ስህተት ብሎ ጮኸብኝ።


ኬሚስትሪ_ነበርኩ (ዓርብ፣ ማታ 4፡40)

የትኩሳቱ ሽጉጥ ለሰው ነው የተሠራው፣ ከ43 ዲግሪ ብዙም አያልፍም 😄 ለማሽን የሚሆን ሌላ አለ፣ የመኪና ጥገና ሰዎች ጋ ታገኚዋለሽ። የፕሬሱ ቁጥር አንድ ቦታ ላይ ያለውን ሙቀት ነው የሚነግርሽ፣ ጠርዙ ላይ ዝቅ ሊል ይችላል። መብራት ሲደክም ደግሞ ቁጥሩ ከሞላ በኋላም ሁለት ሦስት ደቂቃ ታገሺው፣ ሰሌዳው በሙሉ እንዲግል። ሳትሞክሪ አታትሚ፣ መጀመሪያ ቁራጭ ሪባን የሰሌዳው ማዕዘን ላይ አድርገሽ ሞክሪ።


የሲልቨር_ስፕሪንግ_እናት (ዓርብ፣ ማታ 5፡20)

ሰማያዊው ነቁጥ አቧራ ነው ልጄ። የጂንስሽ ብናኝ፣ የሹራብሽ ፀጉር። በዓይን አይታይም፣ ሙቀት ሲያገኝ ቀለሙን ይተፋል። በሚያጣብቅ ሮለር እያንዳንዱን ሪባን ጥረጊው፣ ሮለር ከሌለሽ ስኮች እጅሽ ላይ ጠቅልለሽ። ነጭ ልብስ ለብሰሽ ሥሪ። መስኮቱንም ክፈቺ፣ ያ ሽታ ለሳንባ ጥሩ አይደለም።


ማግ_አታሚው (ቅዳሜ፣ ጠዋት 2፡30)

ስለ ወርቃማ ቀለም ጠይቀውሽ የለም? እኔን ሰርግ ሲባል ሁሉም ወርቅ ነው የሚለኝ።


ላንያርድ_ሠሪ (ቅዳሜ፣ ጠዋት 3፡10)

ሰብሊሜሽን ወርቅ የለውም። ቢጫና ቡኒ ደርድረህ ወርቅ የሚመስል ነገር ማውጣት ትችላለህ፣ ከሩቅ ያስኬዳል፣ አያብረቀርቅም ግን። ወርቁ የግድ ከሆነ በፎይል ነው፣ ያ ሌላ ሥራ ነው። ነጭ ቀለምም የለውም። ጥቁር ሪባን ላይ ብታትም ምንም አይታይም፣ ቢጫ ሪባን ላይ ሰማያዊ ብታትም አረንጓዴ ታገኛለህ። ቀለሙ ጨርቁን አይሸፍንም፣ ከጨርቁ ጋር ነው የሚደባለቀው። ክሬም ሪባን ግን ደስ ይላል፣ ቀለሙን ሞቅ ያደርገዋል።


ሪባን_ከሀዋሳ (እሑድ፣ ማታ 1፡50)

አለቀ!! 200 አስረክቤያለሁ። 11 ተበላሽቶብኛል፣ አራቱ በነቁጥ፣ ስድስቱ በጥላ፣ አንዱ... አዎ፣ ሚረር ረስቼ። የሙሽራዋ እናት አንድ በአንድ ሲያዩ ቆዩ፣ ከዚያ ሪባኑን አፍንጫቸው ስር ወስደው አሸተቱት። «ቀለም አይሸትም» አሉ። ከዚያ ፈገግ አሉ። ይኸው ነው ክፍያው፣ ገንዘቡ ደግሞ ግማሹ ከሰርጉ በኋላ ነው።

እንደ ጋዜጣ የነደደውን ጥቅል ለሻጩ ልመልስ ብዬ ደወልኩ፣ «ተቆርጧል» አለኝ። ክብሪቱ ነው የቆረጠው።

አሁን ደግሞ እዛው ሰርግ ቤት ያዩት ሰዎች ለምርቃት 50 መታጠቂያ ይፈልጋሉ። ጥቁር ሰማያዊ ሪባን፣ ነጭ ጽሑፍ። ነጭ ቀለም የለም ካላችሁ ሥራውን ልተወው ነው?


ላንያርድ_ሠሪ (እሑድ፣ ማታ 2፡25)

አትተዪው። ነጭ ሪባን ግዢና ሰማያዊውን አንቺ አትሚው፣ ፊደሉን ባዶ ተይው። ነጩ ከሪባኑ ይመጣል። ግን ያው የሙሉ ቀለም ጀርባ ሆነ ማለት ነው፣ መታጠቂያ ደግሞ ረጅም ነው፣ በ38 ፕሬስ መጋጠሚያው ይታይብሻል። ሰፊ ፕሬስ ያለው ሰው ፈልጊና በኪራይ ምቺው። የሪባኑ ጀርባም ነጭ ሆኖ ነው የሚቀረው፣ ቀብድ ሳትቀበዪ በፊት ናሙና አሳዪያቸው።


የመርካቶ_ልጅ (እሑድ፣ ማታ 2፡40)

ሪባኑን ስትገዢ ደግሞ ክብሪት ይዘሽ ሂጂ።